ለውሻ ወገብ 8 ሺህ ዶላር

«ለውሻ?» አለችኝ እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ። አልተቀየምኳትም። በዚያ ገንዘብ ስንት ሰው እንደሚታከም አውቃለሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ውሻችን ዳክስሁንድ ነው፤ ወገበ ረጅም፣ እግረ አጭር። ቅርጹን የሰጠው ሰው ነው፤ ጀርመኖች ጉድጓድ ገብቶ አውሬ እንዲያድንላቸው እየመረጡ አራቡት። እግሩን ከሚያሳጥሩት ዘረመሎች አንዱ ግን በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያለውን ለስላሳ ዲስክም በለጋነቱ ያደርቀዋል። የደረቀው ዲስክ አንድ ቀን ይፈነዳና ህብለ ሰረሰሩን ይጫናል። የእኛው ማክሰኞ ማታ ሲሮጥ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት የኋላ እግሮቹን ይጎትታል።

ሐኪሟ የኋላ እግሩን ጣት በመቆንጠጫ አጥብቃ ጨመቀችው። እግሩን ቢሰበስብ አይቆጠርም፤ አንጎል ሳያውቀውም ይሆናል። ዞሮ ማየት ወይም መጮህ አለበት። ጮኸ! ጩኸት እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም። ሕመም የሚሰማው ውሻ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ከአሥር ዘጠኙ ያህል መልሶ ይራመዳል። ስሜቱ ከጠፋ ዕድሉ ወደ ግማሽ ግድም ይወርዳል። ስለዚህ ለማሰብ የተሰጠን ጊዜ ሰዓታት ነበር። በማግስቱ ከአከርካሪው ጎን አጥንቱን ከፍተው የፈሰሰውን ዲስክ አወጡለት።

መክፈል አቅቶት ውሻውን በመርፌ በሚያሰናብት ሰው አልፈርድም። የምፈርደው ወገቡን ሳያስመረምሩ ቡችላ እያስወለዱ በሚሸጡት ላይ ነው። በዴንማርክና በፊንላንድ ዳክስሁንድ ከመራባቱ በፊት ራጅ ተነስቶ የደረቁት ዲስኮች የሚቆጠሩበት አሠራር አለ። ብዙ የደረቀበት እንዳይወልድ ይመከራል። የራጅ ዋጋ ደግሞ ከቀዶ ጥገናው አጠገብ አይደርስም።