መግባቴን ልንገራቸው

ጎንደር ፒያሳ የደረስኩት በጥቅምት 2003 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ በብስክሌት ከተነሣሁ 12ኛ ቀኔ ነበር። ከኮርቻው ወርጄ የፋሲል ግንብ ከሚታይበት አንድ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጥኩና ለአባቴ ደወልኩለት። «ገባሁ» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎ «ተመስገን» አለና እንደገና ዝም አለ። ከዚያ የጠየቀኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«ያሳደሩህ ሰዎችስ? እነሱ መግባትህን አውቀዋል?»

አላወቁም። ከየት ያውቃሉ?

አባቴ ጎንደሬ ነው። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ላይ ሆኖ ነው። ማታ ማታ ሲያጫውተን ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ ብዙም አያነሣም፤ የሚያነሣው የበላበትን ቤት፣ የጠጣበትን ዋንጫ፣ «ግባ» ያሉትን ሰዎች ነበር። መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ሲጣራ የሚያሳየንን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። እኔም በ24 ዓመቴ፣ የመጀመሪያ ሥራዬን በያዝኩ በዓመቱ፣ የእረፍት ፈቃዴን ወስጄ ያንን መንገድ ወደ ኋላ ልሄደው ቆረጥኩ። ከመርካቶ ያገለገለ ባለ 18 ማርሽ ብስክሌት ገዛሁ። ከኋላው ብርድ ልብስ፣ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና እናቴ ያዘጋጀችልኝን በሶ አሰርኩ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ የእንጦጦን ተራራ ተያያዝኩት።

የመጀመሪያው የመንገድ ጓደኛዬ ፈረሰኛ ነው። ጫንጮን እንዳለፍኩ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ በሆነበት የሰላሌ ምድር፣ አንድ ወጣት ከጎኔ መጣ። እሱ ኦሮምኛ፣ እኔ አማርኛ፤ የጋራ ቃላችን ከሰላምታ አያልፍም። እኔ ፔዳሉን ስጫን እሱ ፈረሱን ይኮለኩላል፤ እኔ ስዘገይ እሱም ልጓሙን ይይዛል። ሽቅቡ ላይ ጥሎኝ ሄደና ከላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አጠገቡ ስደርስ ከፈረሱ ወርዶ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ አለንጋውን ከፍ አድርጎ ተሰናበተኝና ወደ መጣበት ተመለሰ። ሸኝቶኝ እንደ ነበር የገባኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ብዙ ነው፤ በጉልበቱ ያለፈ ግን መንገዱን በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ። ሲወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚቀንሱ በደጋ ብርድ ተነሥተው በቆላ ሙቀት ይጠበሳሉ። ፍሬኔን ያለ ማቋረጥ ስለያዝኩ ጎማው መሽተት ጀመረ፤ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ እየቆምኩ አቀዘቅዘው ነበር። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ ተሻገርኩ። አሮጌው ድልድይ ከጎን ይታያል። ከሥር ዓባይ ክረምቱ ያጠበውን አፈር ተሸክሞ፣ ቡናማ ሆኖ ይፈሳል።

ሽቅቡን ስጀምር አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ጭነቱን ተሸክሞ ደረሰብኝ። በአንደኛ ማርሽ ስለሚሄድ ፍጥነታችን እኩል ነበር። ረዳቱ በመስኮት ብቅ አለ።

«ወንድሜ፣ ከየት ወዴት?»

«ከአዲስ አበባ ጎንደር።»

«በዚህ?» አለና ለሾፌሩ ነገረው። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። የተሳቢውን ጫፍ ይዤ እንድወጣ ረዳቱ ሲጋብዘኝ ሾፌሩ ተቆጣው፤ «ልጁን ልትገድለው ነው? ውሃ ስጠው!» አለ። ሃይላንድ ሙሉ ውሃ በመስኮት ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ተከታትለን ወጣን። ሞተሩ ሲግል እነሱ ይቆማሉ፣ እኔ አልፋቸዋለሁ፤ እኔ ከጥላ ሥር ስቀመጥ እነሱ ጥሩምባ እየነፉ ያልፉኛል። ደጀን ስገባ ጨልሟል። ከአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ያቺ መኪና ቆማ ነበር፤ እነሱ ግን ውስጥ ተኝተዋል። ባለ ሻይ ቤቷ ልጅ «ብስክሌተኛው አንተ ነህ? ሾፌሩ እራትህን ከፍሎልሃል» አለችኝ። ጠዋት ስነሣ መኪናዋ ሄዳለች። የሁለቱንም ስም አላውቅም።

ደብረ ማርቆስ ላይ ጉልበቴ ክፉኛ ያመኝ ጀመር። ካረፍኩበት ሆቴል በረንዳ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ሰንሰለቱን በጣታቸው ነኩት፤ ቀና ብለውም «ገረመው ደንቦባን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። ስሙን ሰምቻለሁ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደ ነበሩ፣ ገረመውም አንዱ እንደ ነበር አጫወቱኝ። እሳቸውም በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሳሉ ብስክሌት ይወዳደሩ ነበር። «ሰው አበበ ቢቂላን ያስታውሳል፤ ደግ ያደርጋል። ብስክሌተኞቹን ግን ረሳናቸው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ይህን የምጽፈው ቅሬታቸውን ተካፍዬ ነው። ከዚያ መፍቻ አስመጡና ኮርቻዬን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረጉት። «ኮርቻ ዝቅ ሲል ጉልበት ከልክ በላይ ይታጠፋል። ሥቃይህ ከዚህ ነው» አሉኝ። በማግስቱ ሕመሙ ቀነሰ፤ በሦስተኛው ቀን ጠፋ።

አሁን ከአማኑኤል ከተማ ማዶ ወዳለችው ቤት ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከሁሉ በላይ ስለ እሷ ነው።

ከማርቆስ የወጣሁት ረፋድ ላይ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ ዝናብ መጣና ከአንድ ዛፍ ሥር አቆየኝ። ደምበጫ ሳልደርስ መሸ። የመንገዱ ዳር የጤፍ ማሳ ነው፤ ከማሳው ወዲያ የቤቶች ጭስ ይታያል። ውሻ ይጮሃል። ፈራሁ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ ትዝ አለኝ። ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ ቅርቡ አጥር ሄድኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣራሁ፤ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ!»

ውሻውን የሚገሥጽ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ኩራዝ የያዙ ሴት ተከተሉት። ማን ነህ፣ ምን ፈልገህ ነው አላሉኝም። «ግባ ልጄ፣ ግባ፤ ቤት የእግዜር ነው» ነው ያሉኝ። አባወራው ብስክሌቱን ከእጄ ተቀብለው ወደ ጋጡ አስገቡት፤ ከበቅሏቸው አጠገብ አደረ። እኔን ከምድጃው አጠገብ መደብ ላይ አስቀመጡኝ። እማማ በገበቴ ለብ ያለ ውሃ ይዘው መጡና ከፊቴ በርከክ አሉ።

«እግርህን አምጣ።»

ደነገጥኩ። እናቴ የምትሆን ሴት እንዴት እግሬን ታጥባለች? «ኧረ እማማ፣ እኔው እታጠባለሁ» አልኩ። አልሰሙኝም። የቀኝ እግሬን ይዘው ጫማዬን አወለቁ። «መንገደኛ እግሩ ካልታጠበ እንቅልፍ አይወስደውም» አሉ። ከተረከዜ ጀምረው እስከ ባቴ ያሹኝ ጀመር፤ ውሃው ጠቆረ፤ በሌላ ውሃ ደገሙት። እያጠቡም ስለ ልጃቸው ነገሩኝ። ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዷል፤ ከሄደ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ወሬው አልመጣም። አጥበው ሲጨርሱ እግሬን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁና ቀስ ብለው «የሱንም እግር የሚያጥብ አያሳጣው» አሉ።

እንባዬ መጣ። አባወራው አይተው እንዳላዩ ሆነው እሳቱን ቆሰቆሱ።

ረቡዕ ስለ ነበር እራቱ በዘይት የተሠራ ሽሮ ነው፤ ከእሸት በቆሎ ጥብስ ጋር። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተከፈለበት እራት በልቻለሁ፤ የዚያን ሽሮ ያህል የጣመኝ የለም። ጠዋት ብር ላወጣ ስል አባወራው እጄን ያዙት። «የእግዜር እንግዳ አይከፍልም፤ ነውር ነው።» እማማ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ከብርድ ልብሴ ጋር አሰሩልኝና እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ።

«በሰላም ግባ ልጄ» አሉ። ከዚያም ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ግን መግባትህን በምን አውቃለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። እሺ ብዬ፣ ስሜያቸው ሄድኩ።

ቡሬ መግቢያ ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ትርፎቹን ቀድሜ ጨርሻቸዋለሁ። አንድ 17 ዓመት ያህል የሚሆነው ጎሚስታ የውስጥ ጎማውን አውጥቶ ውሃ ውስጥ ነከረ፤ አረፋው ከሦስት ቦታ ወጣ። በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ እስኪደርቅ እፍ አለ፣ ለጠፈ። ሦስት ጊዜ። ሒሳብ ስጠይቀው «ስትመለስ ቡና ትጋብዘኛለህ» አለኝ። የምመለስ አይመስለኝም ነበር፤ ግን እሺ አልኩ።

እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ፤ እነዚህን በጥሩ ነፋስ አለፍኳቸው። ባሕር ዳር ሁለት ቀን አረፍኩ። በዘንባባው ጥላ ሥር ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሠራተኛው ሁሉ ብስክሌት ላይ ነበር፤ ማንም ዞሮ አላየኝም፤ ከወገኖቼ መሐል የገባሁ ያህል ደስ አለኝ። በመጨረሻው ቀን ከአዲስ ዘመን ተነሥቼ፣ በእንፍራዝና በማክሰኝት አልፌ አዘዞ ስደርስ ሁለት ተማሪዎች በብስክሌታቸው ተቀላቀሉኝ። «ከየት ወዴት?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። እስከ ፒያሳ ከፊት ከፊት እየመሩኝ መንገድ አስለቀቁልኝ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ለአባቴ የደወልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ «በሰላም ግባ» ብሎኛል። ለእነሱ ግን እኔ አሁንም መንገድ ላይ ነኝ፤ ሁመራ እንደ ወረደው ልጅ ወሬዬ አልመጣም። በማግስቱ ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩና ቲኬት የቆረጥኩት እስከ አዲስ አበባ ሳይሆን እስከ ቡሬ ብቻ ነው።

ጎሚስታው ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፈኝ፤ ቡናውን ሦስት ጊዜ፣ እስከ በረካው ጠጣን። ማርቆስ ላይ አዛውንቱ ጉልበቴን ነው መጀመሪያ የጠየቁኝ። ደጀን ላይ ሾፌሩን አላገኘሁትም፤ ባለ ሻይ ቤቷ ልጅ ግን በየሳምንቱ እንደሚያልፍ ነግራኝ «ጎንደር ገብቷል ብዬ እነግረዋለሁ» አለች። የሰላሌውን ፈረሰኛ ጫንጮ ማዶ ቆሜ ግማሽ ቀን ጠበቅሁት፤ አልመጣም።

ከአማኑኤል ማዶ ያለችው ቤት የደረስኩት ግን ከእነዚህ ከማርቆስና ከደጀን በፊት፣ ገና ከቡሬ በተነሣሁበት ቀን ነው። እማማ ከደጃፍ ጤፍ ያበጥራሉ። ብስክሌቱን አዩና ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ።

«ገባህ?»

«ገባሁ እማማ።»

እልል አሉ። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ፤ ከመጡት ሰዎች መሐል አንድ ቀጠን ያለ፣ ፀሐይ ያከሰለው ወጣት ነበር። ከሁመራ የተመለሰው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ውሃ ያመጣልኝ እሱ ነበር፤ እግሬን ያጠበኝም እሱ ነው።

ያን ጊዜ ከጎንደር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሰው በሁለት ቀን ይገባ ነበር። እኔ በስድስተኛው ቀን ገባሁ።