የማያዋጣው ፒክአፕ

ካሊፎርኒያ፣ ዳብሊን ከተማ ውስጥ፣ 580 እና 680 የተባሉት ሁለት አውራ ጎዳናዎች ከሚገናኙበት ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጋራዥ በአራቱም ጎማ የሚሳብ የ1993 ቶዮታ ፒክአፕ ቆሟል። የመኪናው ጌታ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ወደ ኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን በማመላለስ ይተዳደራሉ። ፒክአፑን ከሳን ሆዜ በ3,800 ዶላር ሲገዙት ሞተሩ ይንኳኳ፣ የኋላ ባሌስትራው ተኝቶ፣ የጭነት ሣጥኑም በዝገት ተበልቶ ነበር። ዛሬ ያለ ስጋት የሴራ ኔቫዳን ተራሮች ይወጣል። እዚህ የደረሰው 6,200 ዶላር ለመለዋወጫና ለጥቂት ባለሙያዎች ከተከፈለ፣ 310 የሥራ ሰዓትም ከፈሰሰበት በኋላ ነው። ሰዓቶቹን በጋራዡ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ የመዘገቡት የሰውየው ባለቤት ናቸው። መዝገቡ የተጀመረው ለአድናቆት ሳይሆን ለክስ ነበር።

ክሱ በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ሲቀርብ ቀላል ነው። ለግዢና ለጥገና የወጣው ጥሬ ገንዘብ 10,000 ዶላር ነው። ሰውየው በሰዓት 24 ዶላር ያገኛሉ፤ ስለዚህ 310 ሰዓት ማለት 7,440 ዶላር ማለት ነው። ድምሩ 17,440 ይሆናል። መኪናው ዛሬ ገበያ ቢወጣ 11,000 ዶላር ገደማ ያወጣል። ሰዓቱ ካልተቆጠረ 1,000 ዶላር ትርፍ አለ፤ ከተቆጠረ ግን 6,440 ዶላር ኪሳራ ነው። ሰዓት ደግሞ የማይቆጠርበት ምክንያት የለም። ጌሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጊዜ አከፋፈል ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቤተሰብን የተገዛ ዕቃንና የራሱን ጊዜ አዋሕዶ የሚፈልገውን ነገር እንደሚያመርት ትንሽ ፋብሪካ አድርጎ አሳይቷል። በዚህ ዐይን ሲታይ የዳብሊኑ ፋብሪካ በኪሳራ የሚሠራ ነው።

ነገር ግን በዚህ ስሌት ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንደኛው፣ መኪናው ካለ ዘንድ ማን ይጠግነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መኪናው ለምን ይኖራል የሚል ነው። መልሳቸው አንድ አይደለም።

ማን ይጠግነው?

የዚህ ፒክአፕ ሞተር 22 አር ኢ የተባለው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር ነው። በጥንካሬው የተመሰገነ ቢሆንም አንድ የታወቀ ድክመት አለበት። የታይሚንግ ካቴናውን ከግራና ከቀኝ የሚይዙት የፕላስቲክ መሪዎች በዕድሜ ብዛት ይሰበራሉ። የላላው ካቴና የፊት ሽፋኑን እየፋቀ ይበሳዋል፤ ያን ጊዜ የራዲያተሩ ውሃ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ሲታይ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

በአካባቢው ያለ አንድ ጋራዥ ይህን ለማደስ 38 ሰዓት በ185 ዶላር ሒሳብ፣ 1,900 ዶላር የሚያወጣ መለዋወጫ ጨምሮ፣ 8,930 ዶላር ጠየቀ። ሰውየው ይህን ለመክፈል ግብር ከመነሣቱ በፊት እንኳ 372 ሰዓት መንዳት ነበረባቸው። ራሳቸው ሲሠሩት 160 ሰዓት ፈጀባቸው። ከባለሙያው ከአራት እጥፍ በላይ ዘገዩ ማለት ነው፤ እንደዚያም ሆኖ አተረፉ። የጋራዡ አንድ ሰዓት የእርሳቸውን ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ደመወዝ ስለሚበላ፣ ሰባት እጥፍ ቢዘገዩ እንኳ አይከስሩም ነበር። በዚያ ላይ ሰው በገዛ ቤቱ ለራሱ የሚሠራው ሥራ ግብር አይከፈልበትም፤ የጋራዡ ኪራይ፣ መድንና ትርፍም አይጨመርበትም። የሥራ ክፍፍል ሀብት ይፈጥራል የሚለው የአዳም ስሚዝ ትምህርት እውነት ነው። በዳብሊን ግን በሾፌሩና በመካኒኩ መካከል የቆመው የዋጋ ግንብ ከክፍፍሉ ጥቅም ይበልጣል።

ዳብሊን እና ደሴ

ሰውየው ሙያውን የለመዱት በልጅነታቸው፣ ደሴ ውስጥ፣ በታላቅ ወንድማቸው ጋራዥ ነው። እዚያ የዋጋው ሥርዓት በትክክል ተገልብጦ ነበር። የሰው ጉልበት ርካሽ፣ ዕቃው ውድ። የተጣመመ ብሎን ይቃናል እንጂ አይጣልም። ጓርኒሲዮን ከወፍራም ወረቀት ላይ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ በሞተሩ ጠርዝ ልክ ይቆረጣል። ያልተገኘ ዕቃ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ከአንድ ከሞተ መኪና ተፈትቶ በአውቶቡስ ይላካል። በዳብሊን ግን ሙሉ የጓርኒሲዮን ስብስብ ቤት ድረስ ይመጣል። አባትየው አንድ አሮጌ ብሎን ሲያቃኑ ሩብ ሰዓት ማጥፋታቸውን ያየች ልጃቸው፣ አዲሱ ከአንድ ዶላር በታች መሆኑን በስልኳ አሳየቻቸው። ብሎኑን ግን አቃንተው ጨረሱት።

በሁለቱም አገር አሮጌ ፒክአፕ ዋጋውን ይዞ ይኖራል፤ ምክንያቱም በከፊል ግብር ነው። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲታከልበት፣ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና በቆመበት ዋጋው የሚጨምር ንብረት ሆነ።

የአሜሪካው ታሪክ ከዶሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ከአሜሪካ በሚገባ የዶሮ ሥጋ ላይ ቀረጥ ሲጥሉ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በአጸፋው ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። ዶሮው ከተረሳ ቆየ፤ ቀረጡ ግን አለ። ቶዮታ ለጊዜው ማምለጫ አግኝቶ ነበር። ፒክአፑን ያለ ጭነት ሣጥን ካስገባ የሚከፍለው 4 በመቶ ብቻ ስለነበረ፣ ሣጥኑን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች ላይ ይገጥም ጀመር። ይህ ቀዳዳ በ1980 ተዘጋ። በኋላ መኪናውን እዚያው አሜሪካ መሥራት አዋጪ ሆነ፤ ከ1991 ጀምሮም ቶዮታ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በፍሪሞንት ያቋቋመው ኑሚ የተባለው ፋብሪካ ፒክአፕ ያመርት ገባ።

የዳብሊኑ ፒክአፕ የሻንሲ ቁጥር የሚጀምረው በጃፓኑ ጄ ሳይሆን በ4 ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ያውም ከቆመበት ጋራዥ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ተወልዷል። ኑሚ በ2010 ተዘጋ፤ ሕንፃው ዛሬ የቴስላ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር አሮጌው መኪና ተወለደ፤ በዚያው ጣሪያ ሥር እርሱን የሚተካው የኤሌክትሪክ መኪና ይሠራል።

መኪናው ለምን ይኖራል?

ከሳን ሆዜ እስከ ዳብሊን ባለው ሰፈር ሁሉ 17,440 ዶላር ያለው ሰው የተሻለ፣ ዝም ያለ መኪና ያገኛል። ታዲያ 6,440 ዶላሩ ምን ገዛ?

ለዚህ የሚረዳ መልስ የተጻፈው ከዳብሊን ኮረብታዎች ባሻገር በበርክሌይ ያስተምር በነበረ ወጣት ኢኮኖሚስት ነው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ መረመረ። በአሜሪካ አነጋገር ችግሩ ተደብቆ የሚሸጥ መኪና “ሎሚ” ይባላል። ሻጩ የመኪናውን ነውር ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው የአማካዩን ዋጋ ብቻ ነው። የጥሩ መኪና ባለቤት በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለሎሚዎቹ ይቀራል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ። 11,000 ዶላር የዚህ ፒክአፕ ዋጋ አይደለም፤ ለማያውቀው ሰው የሚያወጣው ዋጋ ነው። እያንዳንዱን ኩሽኔታ በእጁ የለወጠ ሰው ግን መኪናውን ያውቀዋል። ቴስታታው በየትኛው ቀን እንደተጠበቀ፣ የትኛው ብሎን እንደተቃና፣ ዝገቱ የት ላይ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ እንደተበየደበት ያውቃል። ይህ እውቀት ለገዢ አይተላለፍም። ቢነገረው አያምንም፤ እንዳያምን የሚያደርገው በቂ ምክንያትም አለው። ከመዝገቡ ላይ የጠፋው 6,440 ዶላር የተከፈለው ለዚህ ነው፤ የማይሸጥ እርግጠኝነት ተገዝቶበታል።

እርግጠኝነት ግን በሁሉም ጊዜ እኩል አይፈለግም። ፒክአፑ የተገዛው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ደሴ በጦርነቱ ተይዛ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ አልነበረም። ሰውየው ማታ ማታ ዜና ያሳድዳሉ፤ አንዱ ዜና ሌላውን ይሽራል። በዚያ ሰሞን ነው ሳን ሆዜ ሄደው የተሰበረ ሞተር ይዘው የተመለሱት። ባለቤታቸው ያን ጊዜ እንደ እብደት ቆጥረውት ነበር። ሆኖም ምንም ሊታወቅ ባልቻለባቸው ሌሊቶች፣ ተፈትቶ መሬት ላይ ሲደረደር ራሱን የማይደብቅ ነገር በቤት ውስጥ ነበረ።

ሁለት ጋራዦች

በታኅሣሥ ስልኩ ተመለሰ። ወንድምየው ነበሩ፤ ጋራዣቸው ግን ባዶ ነበር። ከክሪክ እስከ ፒንሳ፣ ከመበየጃው እስከ ካቻቪቴው ምንም አልቀረም። አሁን ለአንድ ዶላር ሁለት ጋራዦች ተወዳደሩ። በደሴ 2,500 ዶላር የአንድ ባለሙያንና የተለማማጆቹን እንጀራ ይመልሳል፤ በዳብሊን ጎማ ይገዛል። ይህ ብዙ ስሌት አይጠይቅም። ገንዘቡ ወደ ደሴ ሄደ፤ ፒክአፑ ቴስታታው እንደወለቀ አምስት ወር ቆመ። በቀን መቁጠሪያው ላይ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ምንም ሰዓት አልተጻፈም። “ይሸጥ” የሚለው ሐሳብ የተነሣው ያኔ ነው፤ ነገር ግን የተፈታ መኪና የሚገዛ ከሎሚ ገዢም ያነሰ ነው።

ሥራው በበጋ ሲቀጥል ጥያቄው ምን ይለወጥ የሚል ሆነ። የካሊፎርኒያ ሕግ እዚህ ላይ ብልህ ነው። ከ1976 ወዲህ የተሠራ የቤንዚን መኪና አዲስ እስካልሆነ ድረስ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለበት። ጭስን የሚነካ ማናቸውም የተለወጠ ዕቃ ደግሞ የአየር ሀብት ቦርዱ የፈቃድ ቁጥር ያስፈልገዋል። ሌላውን ሰው የሚጎዳው ተከልክሎ፣ የባለቤቱን ምርጫ ብቻ የሚመለከተው ሰፊ ሆኖ ተትቷል። ስለዚህ ሞተሩ እንደተወለደ ቀረ፤ ለውጡ ወደ እግሩ ወረደ። አዲስ ባሌስትራ፣ 31 ኢንች ጎማ ገባለት። ትልቅ ጎማ ደካማውን ሞተር ስለሚያለፋው፣ የሁለቱም ዲፈረንሻል ጥርስ ከ4.10 ወደ 4.88 ተለወጠ፤ የፊቱና የኋላው እኩል ካልሆኑ አራቱም ጎማ ሲያያዝ እርስ በርስ ይጓተታሉና። መቶኛ ሚሊሜትር የሚለካበትን ይህን ሥራ ሰውየው ለባለሙያ ሰጡ። አዳም ስሚዝ እዚህ ላይ አሸነፈ።

የመጀመሪያው የጭስ ምርመራ ወደቀ፤ የናይትሮጂን ኦክሳይዱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱን ያገኘችው ልጅቱ ናት። ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ መልሶ የቃጠሎውን ሙቀት የሚያበርደው ቧንቧ በጥላሸት ተደፍኖ ነበር። ባለፈው ዓመት መብራት ከመያዝ ያላለፈችው ልጅ፣ ቅዳሜን ሙሉ ስትፍቀው ዋለች። ሁለተኛው ምርመራ አለፈ።

በዚያ ምሽት ስልኩ ኮፈኑ ሥር ተደግፎ ደሴ ተደወለ። ወንድምየው ሞተሩን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ቫልቭ እንደላላ ተናገሩ፤ አክለውም አትቸኩሉ አሉ። የላላ ቫልቭ ይጮኻል፣ የጠበቀ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይቃጠላልና። በማግስቱ ሞተሩ እንደሞቀ ልጅቱ ክፍተቱን አስተካከለች፤ ለማስገቢያው 0.2፣ ለማስወጫው 0.3 ሚሊሜትር። እናትየው ቀን መቁጠሪያው ላይ “2 ሰዓት” ብለው ጻፉ። ከፊት ለፊቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የልጅቱን ስም አስቀመጡ።

ለገዢ የማይተላለፈው እውቀት አብሮ ለሠራ ሰው ይተላለፋል። 310ው ሰዓት ሲሰላ በዚህ ረድፍ ምንም አልተጻፈም ነበር።