ነገርን ከሥሩ

ተማሪዎች ሆይ! ስለ ፍትሕ መናገር ቀላል ነው፤ ፍትሕ የጎደለበትን ሥፍራ ለይቶ ማሳየት ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ትርጉሙን በሚገባ የተረዳሁት በትልቅ አዳራሽ ንግግር ሰምቼ ሳይሆን የአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት የስም መጥሪያ መዝገብ ሳገላብጥ ነው።

የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ በነበረበት ዘመን፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ተማሪዎቹ ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት ለአንድ ዓመት ሕዝብን እንዲያገለግሉ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይልካቸው ነበር። አብዛኞቹ የሚመደቡት በመምህርነት ነው። እኔም ተራዬ ደርሶ በደቡብ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር ከተማ ተላክሁ።

የተመደብሁበት ትምህርት ቤት አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ አሥር ቀን በተከታታይ የቀረ ተማሪ ይሰናበታል። ኅዳር ሲገባ ብዙ ልጆች መቅረት ጀመሩ። አንዳንድ መምህራን «የገበሬ ልጅ ትምህርት አይወድም» ሲሉ ደመደሙ። አባባሉ አላረካኝም፤ ትምህርት የማይወድ ልጅ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ተጉዞ ደወል ሳይደወል በበሩ ላይ አይገኝምና። ስለዚህ የሦስት ዓመት መዝገብ አውጥቼ የቀሩትን ቀን በቀን ቆጠርሁ። መቅረቱ በየዓመቱ የሚበረታው በአጨዳና በውቂያ ወራት ነበር፤ የሚቀሩትም አብዛኛውን ጊዜ የጭሰኛ ልጆች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ቁጥር መቼ እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። በዕረፍት ቀኖች ወደየቤታቸው እየሄድሁ ወላጆቻቸውን ጠየቅሁ። አንድ አባት የእኩል አራሽ ነበሩ። ምርቱ በአውድማው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለባለርስቱ እንደሚገባ፣ ያንንም ተሸክሞ እስከ ጎተራው ማድረስ የእርሳቸው ግዴታ እንደሆነ ገለጹልኝ። «ልጄን የማስቀረው ትምህርት ጠልቼ አይደለም፤ እጄ ሁለት ብቻ ስለሆነ ነው» አሉኝ። የጻፍሁትን መልሼ ባነበብሁላቸው ጊዜም፣ የልጁ ደብተር የሚገዛው ከዚያው ከሚተርፈው እህል መሆኑን እንድጨምርበት ነገሩኝ። ልጁ ከትምህርት የሚቀረው ለመማር ሲል ነበር!

ይህንን ለመምህራን ስብሰባ አቀረብሁ። ከብዙ ክርክር በኋላ ደንቡ ባይሻርም፣ ወላጅ ቀርቦ ካስረዳ በመኸር የቀረ ልጅ እንዳይሰናበት፣ ያመለጠውንም ትምህርት እንዲያካክስ ተፈቀደ። ከመዝገብ ሊፋቁ የነበሩ ስሞች በዚያ ዓመት ሳይፋቁ ቀሩ። ልጆቹን ያስቀረው የመሬት ሥሪት ግን በመምህራን ውሳኔ የሚነካ አልነበረም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ሰልፍ መውጣታቸውን በታሪክ ትምህርት ታገኙታላችሁ። ጭሰኝነት በሕግ የቀረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ነው፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው መሬትም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አዋጁ የገጠሩን ችግር ሁሉ አላስወገደም። እኔ ግን ያ መፈክር ሥጋ ለብሶ የታየኝ በሰልፍ ላይ ሳይሆን በዚያ አውድማ ላይ ነው።

እናንተም ለምርምር ኮሌጅ እስክትገቡ አትጠብቁ። ከክፍላችሁ ማን፣ መቼና ለምን እንደሚቀር፣ በየሠፈራችሁ ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት መርምሩ። አስቀድማችሁ ቁጠሩ፤ ቀጥላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም ጻፉ። የጻፋችሁትንም ለነገሯችሁ ሰዎች መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ ስለ ኑሯቸው የመጨረሻውን ቃል መናገር የሚገባቸው እነርሱ ናቸውና።