ከንፈራቸው የማይንቀሳቀስ ጀግኖች

አንድን ነባር የኪነ ጥበብ ሥራ ለአዲስ ትውልድ መልሶ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የሁለት ወገን ዕዳ አለበት። አንደኛው ለቀደመው ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራውን አይቶት ለማያውቀው ተደራሲ ነው። ስለ ትያትርና ስለ ዜማ ዳግም ዝግጅት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ግን እምብዛም አይነሣም። ሆኖም ሥዕል፣ ሙዚቃና ተረክ የሚገናኙበት ይህ ዘርፍም የራሱ ቅርስ አለው፤ ቅርሱም እንደማናቸውም ቅርስ በጥገና ሰበብ ሊጎዳ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1993 ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ሲክሬት ኦፍ ማና» የተሰኘውን ጨዋታ አቀረበ። ከፏፏቴ ሥር የተተከለ ሰይፍ የነቀለ አንድ ልጅ፣ በዚሁ ሳቢያ ጭራቆች ስለተነሡ ካደገበት መንደር ይባረራል፤ ተጫዋቹም ልጁን ሆኖ ዓለምን ይዞራል። ሦስት ሰዎች በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሦስቱን ጀግኖች በየፊናቸው ማንቀሳቀስ ይችሉ ነበር።

ሥራው ከእጥረት የተወለደ ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ሶኒ ለኒንቴንዶ ማሽን ሊሠራለት ለነበረው የሲዲ ማጫወቻ ነበር። የሁለቱ ኩባንያዎች ውል ሲፈርስ ግን አዘጋጆቹ የወጠኑትን ሰፊ ታሪክ ቆራርጠው 2 ሜጋባይት በምትይዝ ካርትሪጅ ውስጥ ማስገባት ግድ ሆነባቸው። የሙዚቃው ደራሲ ሂሮኪ ኪኩታም በአንድ ጊዜ 8 ድምፅ ብቻ በሚያሰማ፣ ለድምፅ የተመደበለት ማኅደረ ትውስታም ከ64 ኪሎባይት በማያልፍ ማሽን ላይ ነበር የሠራው። ዜማውን ደርሶ ለመሐንዲሶች ከመተው ይልቅ የየሙዚቃ መሣሪያውን ድምፅ ራሱ ቀርጾ ለማሽኑ አቅም እንዲስማማ አደረገ። ጥበቱ ያስገደደው ቁጥብነት የሥራው መልክ ሆነ። ጀግኖቹ በአጭር ቃል ይነጋገራሉ፤ ቀሪውን ዜማው ይናገራል፤ የተረፈውንም ተጫዋቹ በልቡ ይሞላዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ስኩዌር ኤኒክስ ይህንኑ ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን ቪታ፣ ማለትም ለሶኒ የእጅ መጫወቻ፣ እንዲሁም ለሌሎች ማሽኖች መልሶ አቀረበው። ነገሩ ሳያስገርም አይቀርም። የሶኒ ሲዲ ቀርቶበት በጠባብ ካርትሪጅ የተወሰነው ሥራ ከ25 ዓመት በኋላ ወደ ሶኒ ማሽን ሲገባ ቦታው የተትረፈረፈ ነበር። የተቆረጠው ታሪክ ይመለሳል ብሎ መጠበቅም ተገቢ ነው። አልተመለሰም። በምትኩ ጀግኖቹ በየማደሪያው የሚያደርጉት ጭውውት ተጨመረ፤ አንዳንዴ ያስቃል፣ ለታሪኩ የሚፈይደው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የንግግሩ ነገር ነው። ቀድሞ በጽሑፍ ብቻ የነበረው ምልልስ በተዋንያን ድምፅ እንዲሰማ ተደርጓል፤ ጀግኖቹ ግን ሲናገሩ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። በ1993ቱ ሥራ በጥቂት ፒክስል የተሣለ ፊት አፉን ባይከፍት ማንም አይታዘበውም፤ የጎደለውን ምናብ ይሞላዋልና። ሙሉ አካል የተሰጠው፣ ድምፁም ጥርት ብሎ የሚሰማ ልጅ አፉን እንደገጠመ መንደሩን ሲሰናበት ግን ምናብ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። የሚታየው አሻንጉሊት ነው።

ሙዚቃውም ከዚህ አላመለጠም። አዲሱ ቅንብር በድምፅ ብዛት የበለጸገ ቢሆንም በብዙ ቦታ ዜማው በጌጥ ተውጧል። የጥንቱን ሙዚቃ መርጦ ማዳመጥ እንዲቻል መደረጉ ያስመሰግናል፤ ምናልባትም የዝግጅቱ ምርጥ ሐሳብ እርሱ ነው! (በወጣ ሰሞን ጨዋታው በድንገት እየተቋረጠ ብዙ ቅሬታ ቢያስነሣም በኋላ በማሻሻያ ስለታረመ እዚህ ብዙ አያነጋግርም።)

አዘጋጆቹ ሥራውን ንቀውታል ማለት አይቻልም። እንዲያውም የመንደሩን ጎዳናና የዋሻውን መታጠፊያ ሳይቀር እንዳለ ጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቪታ የሚያገኘው ወጣት ታላላቆቹ ለምን እንደሚወዱት አይገባውም፤ ወይ የእነርሱን ፍርድ ይጠራጠራል፣ ወይ የራሱን። አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስረዳውም የለም፤ አምስት ኢንች ስክሪን ሦስት ሰው አይሰበስብም።

በዚያው ስክሪን ጥግ ላይ ተጫዋቹ ያለበትን ስፍራ የሚያመለክት ትንሽ ካርታ አለ። አዘጋጆቹ ለካርታው የተጠቀሙት የ1993ቱን ሥዕል ነው። በጥንቱ ቴሌቪዥን ሙሉ ይታይ የነበረው ደንና ወንዝ አሁን በዚያች ጥግ ተጨምቆ ይገኛል። የቀድሞውን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዓይኑ ከትልቁ ሥዕል እየሸሸ ወደ ካርታዋ ይሄዳል፤ መንገዱንም በእርሷ እየተመራ ይጓዛል።