ከኋላ ወንበር የሚመጣ ሳቅ

ጥቅምት 19 ቀን 2011፣ ሰኞ። ፈረስ ቤት

ውርጭ አድሯል። 9ኛ ቢዎች ጋቢ እንደተከናነቡ ገቡ። አንዷ ተነሥታ በእንግሊዝኛ መለሰች፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ጥርት ባለ አነጋገር። ከኋላ «ፈረንጇ!» ተባለ። ሳቅ። ቁጭ አለች። ኋላ ሌላ ጥያቄ ሳነሣላት «አላውቀውም ቲቸር»፣ በአማርኛ። ታውቀዋለች። ደብተሯን አይቻለሁ።

ጥቅምት 21፣ ረቡዕ

ደብተር ሳርም አመሸሁ። ወረቀት ላይ አያፍሩም። በ1986ቱ ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ይጀምሩታል፤ ከ9ኛ ወዲያ ደግሞ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእሱ ነው። ክፍል ውስጥ አፉን የዘጋ ልጅ ሁሉም ትምህርት ይዘጋበታል። ይኼ ያስፈራኛል።

ጥቅምት 23፣ ዓርብ

የመምህራን ክፍል ወሬ አሁንም አዲሷ ፕሬዝዳንት ናቸው። ሣህለ ወርቅ ፈረንሳይኛውንም እንግሊዝኛውንም ያቀላጥፉታል፣ ሁሉም ያደንቃል። ታዲያ አጠገባችን ያለችው ልጅ ስትሆን ምን ይነካናል?

ጥቅምት 26፣ ሰኞ

የገጠር ልጆች ስንቃቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ለብቻዋ ጠየቅኋት።

«የሚስቁት እኮ አብረውኝ ቤት የተከራዩት ናቸው፣ ቲቸር። ስንቃችንን ደምረን ነው የምንበላ።»

ሌላ አልጨመረችም። እኔም ምን እንደምላት ጠፋኝ። ማታ ከማን ጋር ትብላ?

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ፀሐይ። ደመና የለም፣ ብርዱ ግን አለ።

ቅኔ ቤት የቆየ ልጅ አለን። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፤ ግን ጮክ ብሎ ይናገራል። ማንም አይስቅበትም። እዚያ የቆጠሩትን ቅኔ ለየኔታ ሲነግሩ፣ ጓደኛ እየሰማ መታረም የዕለት ሥራ ነው አለኝ። ለእሱ ድፍረት ይኼ ይበቃል። የሌሎቹን ዝምታ ግን አይፈታልኝም። የሚስቁት በሚሳሳተው ሳይሆን በምትችለው ነው። ወንድ ስለሆነ ይሆን? ወይስ ስሕተቱ ከእነሱ ስለማይለየው?

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ማንም ተነሥቶ እንዳይናገር ሁለት ሁለት አድርጌ አነጋገርኋቸው። ጫጫታ፣ ደስ የሚል። እሷም ተናገረች። ቀርቤ ሰማሁ። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ አነጋገሩን ግን እንደ ጓደኛዋ አድርጋ አሻክራዋለች። ሆን ብላ። ጓደኛዋ ሳትስቅ መለሰችላት፤ ሁለቱም እስከ ደወል አላቆሙም።

ደስ ይበለኝ? ያንን ጥርት ያለ አነጋገር ያገኘችው ከማንም ሳይሆን ከሬዲዮ ነው፣ በራሷ ጥረት። ላርማት ብል እንደገና ዝም ትላለች። ዝም ብላት ይለምድባታል። ለሰኞ ከቅኔ ቤቱ ልጅ ጋር ላቀምጣት አስቤያለሁ። ገና አልቆረጥሁም።