አርባዋ ሳይወጣ

ቅዳሜ ጠዋት ላፍቶ፣ የሰፈራችን ሜዳ ዳር ቆሜ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አያለሁ። አንዱ አጥቂ ባዶ ጎል ሁለቴ ሳተ። ከጎኔ ያሉት "ቀይረው! ቀይረው!" ማለት ጀመሩ። እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

1997 ዓ.ም. ነው። እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ አስተምር ነበር (የዚያን ጊዜ ተማሪዎቼ እዚህ አላችሁ)። ቀነኒሳ በቀለ የ22 ዓመት ልጅ ነው። አቴንስ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካመጣ መንፈቅ እንኳ አልሞላውም። ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 26፣ እጮኛው አለም ተጫለ አብራው ልምምድ እየሠራች ወድቃ አረፈች። እሷም የዋዛ አልነበረችም፤ የዓለም ታዳጊዎች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ነበረች።

ጥር 21 ቦስተን ላይ ሮጠ። ዙር ተሳስቶ ቀድሞ ፈተለከ፤ አየርላንዳዊው አሊስተር ክራግ አሸነፈው። የካቲት ላይ ደግሞ በርሚንግሃም፣ በገዛ አገሩ ልጅ በማርቆስ ገነቲ ተቀደመ። ሻይ ቤቱ ሁሉ "አለቀለት" አለ። እኔም ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ ይዤ፣ "ቀነኒሳ ከእንግዲህ አይመለስም" አልኩ።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን እንኳ ሳያወጣ፣ "ቲቸር፣ ቦስተን ሲሮጥ እኮ አርባዋ አልወጣም ነበር" አለኝ።

ቆጠርኩ። ሃያ አምስት ቀን።

ልጁ ራሱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ አባቱን ቀብሯል። ፈተና ወረቀቱ ላይ በቀይ "ምን ነካህ?" ብዬ የጻፍኩበት እኔ ነኝ። ለቅሶ ግን አልደረስኩም።

መጋቢት 10 እና 11፣ ፈረንሳይ፣ ሴንት ጋልሚዬ። የዓለም አገር አቋራጭ። ቀነኒሳ ቅዳሜ አጭሩን፣ በማግስቱ እሁድ 12 ኪሎ ሜትሩን አሸነፈ፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ሲወስድ አራተኛ ዓመቱ። "አለቀለት" ያለው ሻይ ቤት ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ነሐሴ ላይማ ብራስልስ ገብቶ የራሱን የ10 ሺህ ክብረ ወሰን በ26:17.53 አሻሻለ።

ሰኞ ክፍል ስገባ ልጁ ምንም አላለኝም። ፈገግ እንኳ አላለም። እረፍት ላይ ጠርቼ "እግዜር ያጥናህ" አልኩት፣ ከወራት በኋላ። አንገቱን ደፍቶ "አሜን" አለኝና ሄደ።

የቅዳሜው አጥቂ? አልገባለትም። ሁለት ለባዶ ተሸነፉ። አሰልጣኙ ግን እስከ መጨረሻው አልቀየረውም።