ትንሿ ስትቆጣ ታምራለች?

እናላችሁ… በጋዜጠኝነት ተመርቀን፣ የትምህርት ማስረጃችንን ፎቶ ኮፒ እያስደረግን ከተማዋን ስናካልል ከርመን፣ የመጀመሪያ ደመወዛችንን ያገኘነው ከውሾች ነው። አትሳቁ! ውሾች ስንል ቅኔ አይደለም፤ አራት እግር ያላቸው፣ ጅራታቸውን የሚቆሉ ውሾች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስታችን አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ቤት ትሠራለች። ቤተሰቡ ባለፈው ክረምት ለሁለት ወር ወደ አገሩ ሲሄድ ውሾቹን የሚጠብቅ ሰው ተፈለገ። አክስታችንም “ሥራ ፈት የእህቴ ልጆች አሉ” ብላ እኛን እህትማማቾቹን አቀረበችን።

ሁለቱም ፑድል ናቸው ተባልን። በእኛ ሰፈር ፑድል ማለት ትንሽ፣ ነጭና ጸጉራም የሆነ ማንኛውም ውሻ ነው። በሩ ሲከፈት ግን ጭንቅላቱ ወገባችን ጋ የሚደርስ ጥቁር ጎረምሳ ብቅ አለ። ባሮን ይባላል። ከኋላው ደግሞ ከእጅ ቦርሳችን የማትበልጥ ሚሚ። ባሮንን ስናይ ወደ ኋላ ሸሸን፤ ሚሚን ስናይ “ውይይ!” ብለን አፈፍ አደረግናት። ስህተታችን የጀመረው እዚያችው በር ላይ ነው።

በሳምንቱ ፍርዳችንን ሰጠን። ባሮን ጨዋ ነው፤ “ተቀመጥ” ሲሉት ይቀመጣል፣ ነጎድጓድ ሲያጓራ አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይተኛል። ሚሚ ነገረኛ ናት፤ በጁስ መፍጫው ትጮኻለች፣ በመጥረጊያው ትጮኻለች፣ በዝናቡም ትጮኻለች። “ትልቁ ፑድል አስተዋይ፣ ትንሹ ቁጡ” ብለን ደመደምን። ጋዜጠኞች ነና፣ ሁለት ምንጭ በቂያችን ነው።

ከዚያ ያቺ ቀን መጣች። ትምህርት ስለተዘጋ የዘበኛው የጋሼ የስድስት ዓመት ልጅ ግቢ ውስጥ ነበረች። ሚሚን አንስተን አሳቀፍናትና ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርን። ሚሚ አጉረመረመች። “ስትቆጣ እንዴት ታምራለች!” ብለን ሳቅን። ወዲያው የልጅቷን ጣት ነከሰቻት።

ደም ስናይ ሳቁ ጠፋ። ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብነው፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማምለጫ እንደሌለው እናውቃለን። ሚሚ የክትባት ወረቀት ነበራት፤ ቢሆንም ልጅቷ ክትባት ተጀመረላት፣ ሚሚንም 10 ቀን በዓይነ ቁራኛ ጠበቅናት። ለባለቤቶቹም ደውለን እውነቱን ተናገርን፤ ያቺን ስልክ ለጠላታችሁም አንመኝም።

ጋሼ አልጮኹብንም። “ልጆቼ፣ ውሻዋ እኮ ተናግራ ነበር። እኔ በሩ ጋ ሆኜ ሰምቻታለሁ” ብቻ አሉን።

ማታ ቪዲዮውን ደግመን አየነው። ሚሚ ፊቷን አዞረች። ከንፈሯን ላሰች። አዛጋች። ሰውነቷ እንደ እንጨት ደረቀ። ቀጥላ አጉረመረመች። አምስት ጊዜ “እምቢ” ብላለች፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው ግን የእኛ ሳቅ ነው። ባሮን እንደዚያ ቢያጉረመርም ኖሮ ሁላችንም አጥር ላይ ነበርን!

እንቅልፍ ስላጣን ማንበብ ጀመርን። ለካ በአሜሪካው የውሻ ክበብ ደንብ ፑድል አንድ ዝርያ ነው፤ የሚለየው ቁመት ነው። ትከሻው ድረስ ሲለካ ከ38 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነው ትልቁ፣ ከ25 እስከ 38 ያለው መካከለኛው፣ ከ25 የማይበልጠው ትንሹ ይባላል። ስለ ጠባይ የተጻፈው መስፈርት ግን ለሦስቱም አንድ ነው። ሚሚም እንደ ባሮን ውኃ ውስጥ እየዋኘ የታደነ ዳክዬ ያመጣ የነበረ ሠራተኛ ውሻ ዘር ናት።

እና ልዩነቱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የቪየና ጥናት ውሻ ያላቸውን ሰዎች ጠይቆ ነበር። ትንንሽ ውሾች ይበልጥ እንደሚቅበጠበጡና ቁጡ እንደሚሆኑ አገኘ። ግን ደግሞ ባለቤቶቻቸው ብዙም እንደማያሠለጥኗቸው፣ ብዙም እንደማያጫውቷቸው፣ ዛሬ የፈቀዱትን ነገ እንደሚከለክሉ አገኘ። ሁሉም ነገር ከአያያዝ ነው ማለታችን አይደለም፤ የዘርም ድርሻ ይኖራል። ደግሞስ ሦስት ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት ሁሉም ሰው ሳይጠይቃት ከመሬት ሲነጥቃት ብትፈራ ይፈረድባታል?

በማግስቱ ሕጉን ቀየርን። ሚሚን እንደ ባሮን ቆጠርናት። ሳንጠይቅ ማንሳት ቀረ፤ እጃችንን ዘርግተን እንጠብቃለን፣ ካልመጣች እንተዋታለን። “ተቀመጪ”ን አስተማርናት፤ ባሮን በሚሄድበት ሁሉ በራሷ እግር ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት በጁስ መፍጫው መጮኽ ተወች። (በመጥረጊያው አሁንም ትጮኻለች፤ እውነት ለመናገር መጥረጊያውን እኛም አንወደውም።)

በነገራችን ላይ፣ እኛም ቁመታችን ከአንድ ሜትር ከሃምሳ አይዘልም። ቤት ውስጥ ስናኮርፍ ጉንጫችንን ቆንጥጠው ይስቃሉ። አንድ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የደመወዙ ነገር ልክ አይደለም ብንል ጠያቂው ፈገግ ብሎ “ስትቆጡ ታምራላችሁ” አለን። ያኔ የምንመልሰው አጥተን አብረነው ሳቅን። ስንወጣ ግን በሩን በኃይል ወረወርነው፤ “ነገረኛ ሴቶች” መባላችንን ኋላ ሰማን። ሚሚን ቁጡ ብለን የፈረጅናት እኛው ነን እንግዲህ!

የልጅቷ ክትባት ካለቀ በኋላ ወደ ግቢው ተመለሰች። “ልቀፋት?” አለችን።

“እሷን ጠይቂያት” አልናት።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጇን ዘረጋች። ሚሚ ቀስ ብላ መጣች፣ ጣቷን አሸተተችና ፊቷን አዙራ ሄደች።

“አልፈለገችም” አለች ልጅቷ። ምንም ሳይከፋት ተነሥታ ወደ ባሮን ሄደች።